ከአባባ እጅ የተቀዳ ታፔላ

ሰላም ናችሁ አዘጋጆች፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። ትንሽዬዋ የዲዛይን ቤታችን እስከዛሬ ቢዝነስ ካርድና የሰርግ ጥሪ ስትሠራ ኖራ አሁን የመጀመሪያዋን ትልቅ ሥራ ጨረሰች፣ የአንድ ሆቴል ሎጎ፣ ሜኑ፣ ታፔላ ሁሉንም፣ ፊደሉንም ከኢንተርኔት አላወረድነውም፣ አባባ ድሮ በብሩሽ ከጻፋቸው ታፔላዎች ላይ ነው የቀዳነው። ጠመኔ በነካ ክር መስመር መትቶ የ«ጠ»ን ሦስት እግር ወፈር አድርጎ ነበር የሚያወርደው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ኮምፒውተር ላይ የሚጻፉበት የጋራ ኮድ) ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ዓመቱ፣ የሱቁ ጽሑፍ ግን ዛሬም አንድ ዓይነት፣ ያሰለቻል እኮ! አባባ ፕሪንቱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ «የደ እግር አጥሯል» አለን (ወላሂ ልክ ነበር)፣ አስተካከልን። እባካችሁ ስለ ድሮ ታፔላ ጸሐፊዎች አንድ ዘገባ ሥሩ፣ የደሴዎቹን እኛ እናገናኛችኋለን።