አልቋል፣ ቅዳሜ በ9 ሰዓት ይምጡ ስለተባለው ኮምፒውተር የቀረበ ቅሬታ

ለኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቁ ኃላፊ
ለንደን

ጤና ይስጥልኝ። ደረሰኙ እናንተ ጋ ስላለ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አልደግመውም። ለጥገና የሰጠኋችሁ አሮጌውን የቤት ኮምፒውተሬን ነው፤ የምጽፈው ስለ ቅዳሜው ነው።

ሐሙስ ደውላችሁ «የሲንክሌር ዜድኤክስ 81ዎ አልቋል። ቅዳሜ በ9 ሰዓት ይምጡ፤ ማዞግስ ተጭኖ ሲሠራ አይተው ይረከባሉ» አላችሁኝ። እኔም አምኜ ታላቅ ወንድሜን ይዤ መጣሁ። ማዞግስ የተባለው ጌም የሚጫነው ከካሴት ነው፤ ካሴቱን እ.ኤ.አ. በ1983 የገዛው እሱ ነው። ማታውኑ ወደ ቶሮንቶ በረራ ነበረው።

ስንደርስ ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሠራተኛችሁ እኛው ፊት ገጣጠመው። ካሴቱ ሲጮኽ፣ ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ሲተራመስ፣ ደቂቃዎቹን ቆመን ጠበቅን። በመጨረሻ ጌሙ ገባ። ልጁ አንድ ቁልፍ ሲጫን ግን ከኋላ የተሰካው የ16 ኪሎባይት ራም (ተጨማሪው ማህደረ ትውስታ) ነቅነቅ አለና ሁሉም ነገር ድርግም። ከታች በግራ ጥግ፣ ኮምፒውተሩ ገና ሲከፈት የምትታየዋ «ኬ» የምትለዋ ፊደል ብቻ ቀረች። እኔ እኮ ያመጣሁላችሁ ለዚህችው ነበር! የራሙ መነቃነቅ የዜድኤክስ 81 የታወቀ በሽታ ነው። ማሽኑ የራሱ 1 ኪሎባይት ብቻ ስላለው ያለ ራሙ ማዞግስ አይሠራም። መሰኪያውን አጽዱት፣ አጥብቁት ብዬ ሁለቴ ነግሬያችኋለሁ።

እባክህ ድገመው ስለው ምን አለኝ? «ጋሼ ደግሞ፣ ድምፅ እንኳ ለሌለው ጌም! ስልክህ ላይ አውርደህ አትጫወትም?» ወንድሜ እዚያው ቆሞ ይሰማል።

አዎ፣ ድምፅ የለውም። ቀለምም የለውም። በስደት እዚህ አገር ስንገባ ግን እንግሊዝኛ አንችልም ነበር፤ ያ ጌም ደግሞ ብዙ ቋንቋ አይጠይቅም። በተወሳሰበው መተላለፊያ ውስጥ የተደበቀውን ሀብት ማግኘት ብቻ አይበቃም፣ ይዞ ወደ መነሻው መመለስ አለ። ሰይፍ ሳይያዝ ማዞግ ከሚባለው የጌሙ ጭራቅ ጋር መግጠም በዕድል ነው። መንገድ ሲጠፋን ግድግዳው ውስጥ ያለውን እስረኛ እንነካለን፤ ለትንሽ ጊዜ መንገዱን ያሳየናል። ወንድሜ ቶሎ ብሎ መንገዱን ቴሌቪዥኑ ላይ በጣቱ ይከተላል፣ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ። ቅዳሜ የመጣነው እንደዚያ ልንጫወት ነበር። ወንድሜ ምንም ሳይናገር ኮቱን ለብሶ ወጣ።

የካሴቱ ሽፋን ተቀዶ ሲመለስልኝ ዝም ብያለሁ። ለኪቦርዱ 20 ፓውንድ ስትጨምሩብኝም አልተከራከርኩም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልክ አላነሳችሁም። አሁን ግን በቃኝ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ አገልግሎት በተገቢው ጥንቃቄና ሙያ እንዲሰጥ ያዛል። እስከ ትናንት ድረስ ሥራውን ያለ ክፍያ ድገሙልኝ ልላችሁ ነበር። አሁን የምፈልገው የከፈልኩትን 85 ፓውንድ በሙሉ ነው። ለወንድሜም ራሳችሁ ደውላችሁ ይቅርታ በሉት። እስከ አርብ መልስ ካላገኘሁ ክስ እመሠርታለሁ።

ካሴቱን ነገ ጠዋት መጥቼ እወስዳለሁ። እስከዚያ እባካችሁ ማንም እንዳይነካው።