ልጄን ላተረፋችሁልኝ ሁሉ

አልሐምዱሊላህ! ልጄ የጉበት ካንሰር ሕክምናዋን ጨርሳ ቤቷ ገብታለች። ያልደረሰልን ሰው የለምና በየቤቱ ዞሬ አልዘልቀውም። እዚሁ ላመስግናችሁ።

ሕመሙ ሄፓቶብላስቶማ ይባላል። ከጉበት ካንሰሮች ሁሉ ትንንሽ ልጆችን፣ በተለይ ከ3 ዓመት በታች ያሉትን፣ በብዛት የሚይዘው እሱ ነው። እጢው ጉበቷን ግራና ቀኝ ይዞት ነበር። ሳንባዋ ላይም ታየ። «ተሰራጭቷል» ሲሉኝ ጉልበቴ ከዳኝ። «አታሰቃዪያት፣ በቃ ጸበሉንም ዱአውንም ይዘሽ ቤት ተቀመጪ» ያለኝም አልጠፋም።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የልጆች ካንሰር ክፍል ያገኘሁት ዶክተር ግን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ወረቀት ላይ ጉበት ሣለልኝ። ይህ ካንሰር ኬሞ ለሚባለው የካንሰር መድኃኒት እሺ የሚል ነው፤ ሳንባ ደረሰ ማለት አለቀ ማለት አይደለም አለኝ። መጀመሪያ ሲስፕላቲን በሚባለው መድኃኒት እጢው ይቀንሳል፤ ከዚያ በኦፕራሲዮን ይወጣል፤ የቀረውን ደግሞ ኬሞው ይጨርሳል። በኦፕራሲዮን የማይወጣ ከሆነ የጉበት ንቅለ ተከላ አለ። ለዚያ ግን ሳንባው ቀድሞ መጽዳት አለበት። ዶክተር፣ ያን ቀን ጊዜህን ባትሰጠኝ ልጄን ይዤ እወጣ ነበር። እድሜ ይስጥህ።

ሲስተሮቻችን፣ እናንተን በምን ቃል ላመስግን? መድኃኒቱ ኩላሊትና ጆሮ ስለሚጎዳ ሌሊት ሳይቀር ግሉኮሷንና ሽንቷን ስትከታተሉ አይቻለሁ። በየዙሩ በደም ምርመራ የሚለካው አልፋ ፌቶፕሮቲን፣ እጢው ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን፣ ሲወርድ ከእኔ እኩል እልል ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ያደረጋችሁላት ሐኪሞች፣ አላህ እጃችሁን ይባርክ። የተረፈው ጉበቷ መልሶ እያደገ ነው።

የቆጪ ጎረቤቶቼ፣ ትልልቆቹን ልጆቼን እንደ ልጆቻችሁ አብልታችሁ ትምህርት ቤት ልካችኋል። ዕድራችን ሳልጠይቅ ገንዘብ አዋጥቶልኛል። በመስጊድ ዱአ፣ በቤተክርስቲያን ጸሎት ያደረሳችሁልኝ ሁሉ፣ ብድራችሁን አላህ ይክፈል።

ክትትሉ ገና ብዙ ይቀረዋል። ደሟ እና የውስጥ ሰውነቷ ምስል በየጊዜው ይታያል፣ ጆሮዋም ይመረመራል።

ኬሞው ደሟን ባወረደው ጊዜ ሮጣችሁ የመጣችሁ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና ባለ ባጃጆች፣ የእናንተ ደም ነው ያቆማት። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ልጆች አሁንም ደም ይፈልጋሉ። ከሰጣችሁ 3 ወር ያለፋችሁ፣ እባካችሁ ደም ባንክ ጎራ በሉላቸው።