የሱፐር ኦዲዮ ሲዲ ዕድሜ የሚወሰነው በቁልፉ ነው

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በባህል ገጻችሁ ስለ ሙዚቃ ማጫወቻዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ «የሞተ ዲስክ» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር መታለፉ ስላሳዘነኝ ይህን እጽፋለሁ። ዲስኩ አልሞተም፤ የሚያሰጋውም ጽሑፉ እንዳለው ሰው ሁሉ ሙዚቃን ከኢንተርኔት ማዳመጥ መጀመሩ አይደለም።

ሶኒና ፊሊፕስ ይህን ዲስክ በ1999 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲያቀርቡ፣ ራሳቸው በ1982 ያወጡትን ሲዲ የሚተካ መስሏቸው ነበር። ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት ሲመዘግብ፣ አዲሱ ዲስክ የሚመዘግበው በአንድ ቢት ብቻ ቢሆንም በሰከንድ 2,822,400 ጊዜ፣ ማለትም በሲዲው 64 እጥፍ ይለካል፤ እስከ ስድስት የድምፅ መስመርም ይይዛል። ተፎካካሪው ዲቪዲ ኦዲዮ ከገበያ ሲጠፋ እርሱ የተረፈው፣ አብዛኞቹ ዲስኮች በማንኛውም ተራ ሲዲ ማጫወቻ የሚሠራ ሁለተኛ ንብርብር ስላላቸው ይመስለኛል። እንደ ስዊድኑ ቢስና እንደ እንግሊዙ ቻንዶስ ያሉ የክላሲካል ሙዚቃ አሳታሚዎች ለብዙ ዓመታት ሥራቸውን አሳትመውበታል፤ በጃፓንም ገዢ አላጣም።

ስለ ጥራቱ ሲነገር ግን ማጋነን አይገባም። በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ከእነዚህ ዲስኮች የወጣው ድምፅ በሲዲ ልክ ወርዶ ሲቀርብላቸው አድማጮች ልዩነቱን መለየት አልቻሉም። እነዚሁ አጥኚዎች ግን ብዙዎቹ ዲስኮች በእርግጥ ከተራው ሲዲ የተሻለ ድምፅ እንዳላቸው ጽፈዋል፤ ምክንያቱም የተዘጋጁት ሁሉም ነገር እኩል እንዲጮኽ ሳይጨመቅ፣ ጊዜ ወስዶ በሚሠራ ባለሙያ እጅ ነው። እኔም ከዲስኮቼ የማገኘው ደስታ ከቁጥሩ ይልቅ ከዚህ ጥንቃቄ የመጣ መሆኑን አምናለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለቤቶቹ ቅጂን ለመከላከል ሲሉ የዲስኩን ይዘት በምስጢር ቆልፈው፣ የመክፈቻውን መረጃ በዲስኩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ስፋት ውስጥ ስለ ደበቁት ተራ የኮምፒውተር ዲስክ ማንበቢያ ሊያነበው አይችልም። የመጀመሪያዎቹ የፕሌይስቴሽን 3 ሞዴሎች ያጫውቱት ነበር፣ ከኋለኞቹ ግን ይህ አገልግሎት ተነሥቷል፤ በብዙዎች ዘንድ የተወደዱ ማጫወቻዎችን ይሠራ የነበረው ኦፖ ዲጂታልም በ2018 ከሥራው መውጣቱን አስታውቋል። የእኔ ማጫወቻ ሌዘሩ ሲደክም መለዋወጫ የሚሸጥልኝ አላገኘሁም። ዲስኮቹ አንድ ጭረት ሳይኖርባቸው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው፣ ከነሙሉ ድምፃቸው ላዳምጣቸው ግን አልቻልኩም፤ የምሰማው የሲዲውን ንብርብር ብቻ ነው።

ከሃምሳ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ የተሸጠ ሸክላ ዛሬም መርፌ ባለው በማንኛውም ማጫወቻ ይዘፍናል፤ ካሴቱንም ቢሆን ቴፕ ያለው ሰው ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ ለልጁ ያወርሰዋል። የአባቶቻችን ሙዚቃ በብዙ ቤት የተረፈው ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ሊያጫውተውና ሊገለብጠው በመቻሉ ነው። በየወሩ እየከፈልን ከኢንተርኔት የምንሰማው ሙዚቃ ይህ ዋስትና የለውም፤ አሳታሚው ባነሣው ቀን ይጠፋል። በእጅ የሚያዝ ዲስክ ዋጋው እዚህ ላይ ነበር፣ ቁልፉ ግን ይህንኑ ዋጋ ነጠቀው።

ስለዚህ የዲስኩ ባለመብቶች ቢያንስ ቤተ መጻሕፍትና የድምፅ መዛግብት በሕጋዊ መንገድ እንዲገለብጡት፣ ገዢውም የራሱን ዲስክ በራሱ ኮምፒውተር እንዲያነብ ቢፈቅዱ፣ ጥቂት አሳታሚዎችና ታማኝ አድማጮች ለብዙ ዓመታት ሊያቆዩት ይችላሉ። ዝግጅት ክፍላችሁ ወደዚህ ርዕስ ሲመለስ ይህን ጥያቄ እንዲያነሣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ