ስለ ዶሊ ፓርተን ለጠየቁኝ

ናሽቪል፣ ቴነሲ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን።

ባለፈው እሑድ፣ በቴሌቪዥን ያዩዋት ያቺ ወርቃማ ጸጉር ያላት አሜሪካዊት አዛውንት ማን እንደሆነች፣ የአገሩም ሰው ይህን ያህል ዘመን ያልሰለቻት ስለምን እንደሆነ ጠይቀውኝ ሳልመልስልዎ መስመሩ ተቋረጠ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ መጻፉን መረጥሁ።

ስሟ ዶሊ ፓርተን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1946 እኔ በምኖርበት በቴነሲ ግዛት፣ በስተምሥራቅ ባለው ተራራማ አገር፣ ከ12 ልጆች አራተኛ ሆና ተወለደች። ያዋለዳት ሐኪም ዋጋው የተከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በበቆሎ ዱቄት ነበር፤ ይህን ሳነብ እኔን ትምህርት ቤት ለማስገባት የሸጧት በግ ትዝ አለችኝ። እናቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥማ የሰፋችላትን ካፖርት ለብሳ ትምህርት ቤት ብትሄድ ልጆቹ ሳቁባት። ካደገች በኋላ ያን ካፖርት ዘፈን አድርጋ በ1971 አወጣችው፤ የእናቷን እጅ አመሰገነችበት እንጂ አላፈረችበትም።

በ1964 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በጨረሰች ማግስት፣ ካንትሪ የሚባለው የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ መዲና ወደሆነችው ወደዚህች ወደ ናሽቪል መጣች። ከ1967 ጀምሮ ፖርተር ዋጎነር በተባለ ዝነኛ ድምፃዊ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሰባት ዓመት ያህል ሠርታ፣ ራሷን ችላ ለመውጣት ብትፈልግ በቃል ልታስረዳው አልቻለችምና «I Will Always Love You» (ሁልጊዜ እወድሃለሁ) የሚል የስንብት ዘፈን ጻፈችለት። ያ ዘፈን በ1974፣ ኋላም እንደገና ተቀርጾ በ1982፣ በካንትሪ ዘፈኖች የደረጃ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በመካከሉ የዘመኑ ዝነኛ ድምፃዊ ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈልጎ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ግማሹን የባለቤትነት መብት ካልሰጠሽን አይሆንም ቢላት፣ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራም ቢሆን እንቢ አለች። በዚያን ጊዜ ለኤልቪስ እንቢ ማለት ምን ማለት እንደነበር እዚህ ከሚኖሩ ሽማግሌዎች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በ1992 ድምፃዊቷ ዊትኒ ሂውስተን ተጫውታው በአሜሪካ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ሲቆይ፣ የጸሐፊነቱ ገቢ ለዶሊ ገባ። አባቴ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ካሴት ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ሲያሰማን የነበረው ዘፈን ይኸው ነው፤ የዘፈኑ ባለቤት ይህች ሴት ናት።

ከዚያ ወዲህ ያደረገችው ብዙ ነው፤ ፊልም ሠርታለች፣ በተወለደችበት አካባቢ በስሟ የሚጠራ ትልቅ የመዝናኛ ሥፍራ አላት። እኔ ግን ፍቅሩ ከዚያ የመጣ አይመስለኝም። እኔ በምሠራበት መጋዘን በፖለቲካ ዓይን ለዓይን የማይተያዩ ሰዎች አሉ፤ የእርሷ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ ግን ሁሉም አብረው ያዜማሉ። ጸጉሯ ሰው ሠራሽ መሆኑን ራሷ በግልጽ ትናገራለች፤ ስለ ቤተሰቧ የዘፈነችው ግን የኖረችው ነው፤ ሰሚውም ይህን ለይቶ ያውቃል።

ከሁሉ በላይ ልነግርዎ የፈለግሁት ስለ አባቷ ነው። አባቷ ብልህ ገበሬ ነበሩ፤ ማንበብና መጻፍ ግን አይችሉም ነበር። እርስዎ በ1971 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ቀን ሲያርሱ ውለው ማታ በኩራዝ ፊደል እንደቆጠሩ ሲነግሩኝ አድጌ፣ ይህን ሳውቅ ልቤ እንዴት እንደተነካ መግለጽ ያቅተኛል። እ.ኤ.አ. በ1995 እርሳቸውን አስባ በትውልድ አውራጃዋ ለሕፃናት መጻሕፍትን በነፃ የሚልክ ድርጅት መሠረተች፤ ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ያደላቸው መጻሕፍት ከ200 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። አባቷም በሕይወት ሳሉ፣ ከዝናዋ ሁሉ ይልቅ ልጆች «የመጽሐፍ እመቤት» እያሉ ሲጠሯት ደስ ይላቸው ነበር።

የልጅ ልጅዎም ከተወለደች ጀምሮ በየወሩ አንድ መጽሐፍ በስሟ በፖስታ ይደርሳታል። የአማርኛ ግን የለበትምና፣ እሑድ ስደውል ያንን የድሮውን የፊደል ገበታዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ይጠብቁን፤ ከ«ሀ» እስከ «መ» ያሉትን እርስዎ ያስጠኗት።

ናፋቂ ልጅዎ