«ልሽጠው ወይስ ልያዘው?» ብሎ ለሚጠይቅ ማን ይመልስለት? ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን

ለኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። የምጽፍላችሁ ስለ ትንንሾቹ ባለአክሲዮኖች ነው። አሥርና ሃያ አክሲዮን ይዘው ዓመት ጠብቀው የትርፍ ድርሻ ስለሚቀበሉት። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። አንድ ባንክ ሲመሠረት የገዙት አክሲዮን አላቸው። የምስክር ወረቀቱን ከቤት ካርታው ጋር በላስቲክ ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጡት። የአክሲዮን ገበያው ተከፈተ ሲባል ጥያቄ መጣባቸው፤ ልሽጠው ወይስ ልያዘው? ባንኩ አክሲዮን ክፍል ሄደው ጠየቁ። «እትዬ፣ እኛ እንመዘግባለን እንጂ አንመክርም» አሏቸው። የባንኩ ሠራተኛ አላጠፋም፤ ትክክለኛውን ነው የነገራቸው። የእህታቸው ልጅ ደግሞ ከአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ያየውን አነበበላቸው። «አሁን ያልገዛ ይቆጨዋል፣ ዋጋው ሊበር ነው» ይላል። ጻፊው ማን እንደሆነ አይታወቅም። እሱ ራሱ ስንት አክሲዮን እንደያዘና ለማን ሊሸጥ እንዳሰበም አይታወቅም።

በመጨረሻ እኔን ጠየቁኝ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ያውቃል ብለው ነው። እኔ ግን ፈቃድ የለኝም። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ሰውን ስለ አክሲዮን በማማከር ሥራ ላይ መሰማራት የእናንተን ፈቃድ ይጠይቃል። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ ሕጉን የሚፈራው ጠንቃቃው ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ጠንቃቃው ዝም ሲል በቲክቶክ የሚጮኸው ብቻውን ይሰማል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው የትርፍ ድርሻ ሲሰማ ፐርሰንቱን ብቻ ነው የሚሰማው። አንድ ባንክ 30 በመቶ ከፈለ እንበል። ይህ 30 በመቶ የሚሰላው አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። የተጻፈው 1,000 ብር ከሆነ የሚደርሰው 300 ብር ነው። ያንን አክሲዮን ከሌላ ሰው በ2,500 ብር የገዛ ግን ካወጣው ገንዘብ ያገኘው 12 በመቶ ብቻ ነው። ያውም ግብር ሳይቀነስ። ኑሮው በሚወደድበት ፍጥነት ሲመዘን ደግሞ ትርፍ ይባል አይባል እንጃ። ይህን ለማስላት የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያሰላላቸው ሰው ግን የለም። የምስክር ወረቀቱን አስቀምጠው በየዓመቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጉባኤ የሚሄዱ፣ ሻይና ብስኩት ቀምሰው የሚመለሱ ሞልተዋል።

ሌላው ደግሞ «ሦስት ባንክ ውስጥ አከፋፍዬ ነው የያዝኩት» የሚለው ነው። ሦስቱም ባንክ ናቸው! ብሔራዊ ባንክ አንድ መመሪያ ሲያወጣ ሦስቱም አብረው ይነካሉ። የተከፈለ ካፒታላችሁን እስከ ሰኔ 2018 ወደ 5 ቢሊዮን ብር አድርሱ ሲባሉ ምን እንደሆነ አይተናል። በእጃችን ይገባል ያልነው የትርፍ ድርሻ ካፒታል ማሳደጊያ ሆነ፤ አዲስ አክሲዮን ግዙ ተባልን። ለባንኩ ጤንነት ሊበጅ ይችላል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ በዚያ ብር ላሰበ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የሰዉ ፍላጎት እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 2017 ላይ 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ሒሳብ በቴሌብር ሲያቀርብ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዝቷል። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ስለ ኩባንያውና ስለ ሽያጩ የሚያስረዳው ሰነድ፣ ፕሮስፔክተሱ፣ ወጥቷል። ስንቱ አንብቦት ነው የገዛው? ስልኩ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ተጭኖ ባለአክሲዮን መሆን ቀላል ነው። «ይህ ብር ነገ ቢያስፈልገኝ እንዴት አወጣዋለሁ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ግን በአቅራቢያው የለም። ጥር 2 ቀን 2017 ገበያው በይፋ ሲከፈት፣ ወጋገን ባንክ ቀድሞ ሲመዘገብ ደስ ብሎናል። በንጉሡ ዘመን የነበረው የአክሲዮን መገበያያ በአብዮቱ ከቆመ ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ይህም ማለት አብዛኞቻችን ቤት ውስጥ አክሲዮን ገዝቶ ሲሸጥ ያየነው አባት ወይም አጎት የለንም ማለት ነው።

ከኬንያ የሚታይ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. የሳፋሪኮም አክሲዮን በ5 ሽልንግ ለሕዝብ ሲቀርብ ሰው ተረባርቦ፣ ከባንክ ተበድሮ ጭምር ገዛ። ብዙም ሳይቆይ ዋጋው ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ። ዕዳ ያለበት በኪሳራ ሸጠ። የራሱን ገንዘብ ያዋለውና መጠበቅ የቻለው ግን ከዓመታት በኋላ በእጥፍ አገኘ። ኩባንያው አንድ ነው፣ የገዙበት ዋጋም አንድ ነው። የተለያየው የገዢው ኑሮ ነው። ስለዚህ «ይህ አክሲዮን ጥሩ ነው?» ለሚለው ጥያቄ በቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት ብቻውን አይመልስም። አንድ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ዕዳ አለብህ ወይ፣ ብሩ መቼ ያስፈልግሃል፣ ሌላ ምን አለህ ብሎ መጠየቅ አለበት።

ፈቃድ ያላቸው አማካሪዎች አሉ። ግን ማንን ይፈልጋሉ? ትልቅ ካፒታል ያለውን። አይፈረድባቸውም፤ 20 ሺህ ብር ከያዘ ሰው ምን ይገኛል? ደላላው ደግሞ የሚኖረው በኮሚሽን ነው። ስትሸጥም ስትገዛም ይከፈለዋል፤ «ዝም ብለህ ያዝ» ሲልህ ምንም አያገኝም። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ እንጀራው ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ለትንሹ ባለአክሲዮን ብቻ የሚሠራ የአማካሪ ፈቃድ ክፈቱ። መስፈርቱ ቀለል ይበል፣ ክፍያው አስቀድሞ የታወቀና የተወሰነ ይሁን፣ ከማንም ኮሚሽን መቀበል ክልክል ይሁን። ልምድ ያላቸው የሒሳብ ባለሙያዎች በየክልሉ አሉ፤ ፈተና አስፈትኗቸው። አዲስ አበባ ብቻ እንዳይቀር። ባሕር ዳርም ጅማም ድሬዳዋም ያለ ሰው በራሱ ቋንቋ ይጠይቅ። አንድ ሰው ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ደግሞ በአጭር ቁጥር መልእክት ልከን እናጣራ፤ የጎረቤቴ ስልክ ኢንተርኔት አያውቅም።

እስከዚያው ቢያንስ አንድ ነገር አሁኑኑ ማድረግ ትችላላችሁ። በማኅበራዊ ሚዲያ «ይህን አክሲዮን ግዙ» የሚል ሁሉ አክሲዮኑን እንደያዘ ወይም እንደተከፈለው እዚያው እንዲናገር አስገድዱት። ያልተናገረውን ጠርታችሁ ጠይቁት። ሁለት ሦስቱ ከተጠየቁ ሌላው ይሰማል።

መምህርቷ እስካሁን አልሸጡም፣ አልገዙምም። በየሳምንቱ «ምን ሰማህ?» ይሉኛል። መልሳችሁ ሲመጣ አነብላቸዋለሁ፤ እባካችሁ በመመሪያ ቋንቋ አትጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አነስተኛ ባለአክሲዮን
አዲስ አበባ