ሰሜንያን ለቀቅ አድርጓት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ሰሞኑን ጣና ዳር ቡና ስንጠጣ የትራንስጀንደር (ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ጾታ በተለየ ጾታ የሚኖሩ) አትሌቶች ጉዳይ ተነሳ። ሁሉም ደቡብ አፍሪካዊቷን ሯጭ ካስተር ሰሜንያን ጠራ። ተምታቶባቸዋል! እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ በሴትነት ያደገች ናት። ያከራከረው በተፈጥሮ ያላት ከፍ ያለ ቴስቶስትሮን፣ ማለትም በወንዶች ላይ የሚበዛው ሆርሞን ነው። የስፖርቱ የበላይ አካል የዓለም አትሌቲክስ በወንድ ጉርምስና ያለፉ ትራንስጀንደር ሴቶችን ከሴቶች ውድድር ያገደው ግን በ2023 እ.ኤ.አ. ነው።

እገዳውን እደግፋለሁ። ልጄ ማለዳ ማለዳ በሐይቁ ዳር ትሮጣለችና አድሏዊ ልባል እችላለሁ፤ ይሁን። የከነከነኝ ሌላ ነው። ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ሻምፒዮና የሚሮጡ ሴቶች ሁሉ የወንድነት ጂን መኖር አለመኖሩን የሚያይ የጂን ምርመራ ያደርጋሉ። ያልጠበቀችው ውጤት ቢመጣ ለአንዲት የ18 ዓመት ልጅ ማን፣ እንዴት ይነግራታል? እኛ ሰፈር ደግሞ ወሬ ከባለቤቱ ይቀድማል። እስቲ ሐኪም ጠይቃችሁ ጻፉልን።

የሯጭ አባት፣ ከባሕር ዳር