የመድረክ ፍሬም ለምታዙን ደንበኞቻችን

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን «ወርዱ ይህን ያህል፣ ቁመቱ ይህን ያህል፣ ስንት ትሉናላችሁ?» የሚል ስልክ በዝቶብናል። ለመድረክ ፍሬም፣ ማለትም የመድረኩን አፍ ከግራ፣ ከቀኝና ከላይ ለሚከበው፣ በስልክ ዋጋ መናገር ትተናል። ምክንያቱን እንንገራችሁ።

ጥፋቱ የኛው ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ፍሬም ሠርተን ነበር፤ አፉ 5 ሜትር፣ ግራና ቀኝ በችፑድ የወፈረ ምሰሶ፣ ወርቃማ ቀለም፣ ቀይ የከፋይ መጋረጃ። ሲያዩት ያምራል። የወላጆች ቀን ድራማው ሲጀመር ግን ግራ ዳር የተቀመጡት እናቶች አንገታቸውን ማስገግ ጀመሩ፤ ልጆቻቸው የቆሙት ምሰሶው በከለለው በኩል ነበር። አንዷ ተነሥታ መተላለፊያው ላይ መሬት ቁጭ አለች። እኛ ከኋላ ቆመን አፈርን።

ይሄ በሙያው ፕሮሴኒየም የሚሉት ፍሬም ጌጥ ብቻ አይደለም። ተመልካቹ የሚያየውን የሚወስነው እሱ ነው። ተራውን የሚጠብቀው ተዋናይ፣ ገመዱ፣ መብራቱ ሁሉ ከጀርባው ይሸሸጋል፣ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ዳር ወንበር ላይ ላለ ሰው ግን መታየት ያለበትንም አብሮ ይሸሽግበታል፣ ምሰሶው በወፈረ ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

ነገሩ የቆየ ነው። ቋሚ የመድረክ ፍሬም ካላቸው ቀደምት ቲያትር ቤቶች አንዱ ጣሊያን አገር ፓርማ የሚገኘው የፋርኔዜ ቲያትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1618 በእንጨት ተሠርቶ አለቀ፣ የተጠበቀው እንግዳ ቀረ፣ 10 ዓመት ዝም ብሎ ቆየና በ1628 በሰርግ ተሟሸ። ጎንደር ከመቆርቆሯ 8 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። (የሰርግ አዳራሽ ያላችሁ፣ ደስ ይበላችሁ።)

«እንደ ፋሲል ግንብ በር ክብ ይሁንልን» የምትሉንም አላችሁ። እኛም እንወደዋለን፣ አድገንበታል። ግን ግማሽ ክብ ቅስት የወርዱን ግማሽ ያህል ቁመት ይበላል። መድረኩ 6 ሜትር ከሆነ ቅስቱ ብቻ 3 ሜትር ወሰደ፣ ከሥሩ ያለው ቀጥ ያለ ምሰሶ ገና አልተቆጠረም። ኮርኒሳችሁ አይበቃም። ስለዚህ ላዩን ጠፍጣፋ አድርገን ማዕዘኑን ብቻ እናጎብጥላችኋለን።

ለአዝማሪ ምሽት ከሆነ ጭራሽ ፍሬም አትግዙ። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ጠረጴዛችሁ ድረስ መጥቶ ነው የሚወርፋችሁ። ፍሬም ውስጥ ብታቆሙት ማንን ይወርፋል?

ከእንግዲህ ስንመጣ ወንበሮቹን ልክ እንደ ዝግጅቱ ቀን ደርድራችሁ ጠብቁን። ሜትር ከመዘርጋታችን በፊት አንዳችን ግራ ዳር፣ አንዳችን ቀኝ ዳር እንቀመጣለን፤ ሦስተኛው መድረኩ ላይ ሞራሌ አቁሞ «ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ» እያልነው ምሰሶው የሚያርፍበትን እናገኛለን። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ አዘዞንም ጨምሮ፣ ለዚህ አናስከፍልም። ከዚያ ወዲያ ላላችሁ የመኪና ብቻ ነው።

የዚያን ትምህርት ቤት ፍሬም በራሳችን ወጪ ነቅለን አስፍተነዋል። ወርቃማዎቹ ምሰሶዎች አሁን ወርክሾፓችን በር ላይ ቆመዋል፤ ስትመጡ ምልክታችሁ እነሱ ናቸው።